እየተጠላሉ ሸሚዝ መቁጠር

መጽሐፉ እጄ የገባው በሻንጣ ነው። እህቴ ከዋሽንግተን ስትመጣ ከቫይታሚንና ከቅባት መሀል አውጥታ ሰጠችኝ፣ ሽፋኑ ትንሽ ታጥፎ። «አውሮፕላን ውስጥ ጀምሬው ሳልተኛ ደረስኩ፣ ጨርሰሽ ንገሪኝ» አለችኝ። ሁለት ሌሊት ወሰደብኝ። ከዚያ ለጓደኛዬ ሰጠኋት፣ እሷ ለባልደረባዋ፣ ባልደረባዋ ለአክስቷ ልጅ። ሦስት ወር ዞሮ ሲመለስ መሀል ገጹ ላይ የቡና ስኒ ምልክት ነበረበት። አንዱ ገጽ ዳር ላይ ደግሞ በእርሳስ «ውይ ሰውዬው!» ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደጻፈው እስከ ዛሬ ያመነች የለችም።

የማወራው ስለ ሳሊ ቶርን «ዘ ሄቲንግ ጌም» ነው። በአማርኛ «የመጠላላት ጨዋታ» እንበለው። ደራሲዋ አውስትራሊያዊት ናት፣ ይሄ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ነው፣ በፈረንጆቹ 2016 ወጣ። በ2021 ፊልም ሆኗል። ፊልሙንም አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ። ሁለት አሳታሚ ድርጅቶች እንዳይከስሩ ተዋሕደዋል። አንደኛው መጽሐፍ የሚያፈቅሩ ሰዎች ቤት ነው፣ ሌላኛው ቁጥር የሚያፈቅሩ። ሁለት እኩል ዋና ሥራ አስፈፃሚዎች አሏቸው፣ በየበራቸው ደግሞ አንዳንድ ረዳት። ሉሲ ሀተን የሴትዮዋ ረዳት ናት፣ ጆሹዋ ቴምፕልማን የሰውዬው። ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት ነው። ሉሲ አጭር፣ ሳቂታ፣ ለሁሉም ሰው ቀን የምታራዝም፣ እምቢ ማለት የማትችል። እሱ ረጅም፣ ፊቱን የማይፈታ፣ ሠራተኛው ሁሉ የሚፈራው።

ሥራቸው መጠላላት ነው። የመፋጠጥ ጨዋታ አላቸው፣ ቀድሞ ዓይኑን የሰበረ ይሸነፋል። የመስታወት ጨዋታ አላቸው፣ አንዱ ያደረገውን ሌላው እየተከተለ ያደርጋል። የኤችአር ጨዋታም አላቸው፣ እሱ እንኳ ለሰው ሀብት ክፍል እየተካሰሱ ነው። የሉሲ ኮምፒውተር ይለፍ ቃል ራሱ ጆሹዋን ለዘላለም እንደምትጠላ የሚናገር ነው። ጆሹዋ ደግሞ ሸሚዝ የሚለብሰው በተራ ነው፣ ከነጭ ይጀምርና በየቀለሙ አልፎ ጥቁር ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ እንደገና ከነጭ። ይሄን እንዴት አወቅን? ተራኪዋ ሉሲ ናት፣ ተራውን በቃሏ ታውቀዋለች።

እኔ እዚህ ጋ ነው የተያዝኩት። ሰው የሚጠላውን ሰው ሸሚዝ ይቆጥራል እንዴ?

ከዚያ አዲስ የሥራ መደብ ይወጣል። ሁለቱም ይወዳደራሉ። ያሸነፈው የሌላው አለቃ ይሆናል፣ ሉሲ ደግሞ እሱ ካሸነፈ ሥራውን እለቃለሁ ብላለች። ይሄ ሁሉ ገና መጀመሪያው ነው።

በእኛ በኩል ያነበቡት ስድስት ሴቶችና አንድ ወንድ ናቸው። ወንዱ የጓደኛዬ ባል ነው። ሚስቱ ማታ ማታ እያነበበች ብቻዋን ስትስቅ አልቻለም፣ ነጥቆ አነበበው። ሲጨርስ «እነዚህ ሰዎች ሥራ የሚሠሩት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀና መጽሐፉን መለሰ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም። ጥያቄው ግን ትክክል ነው፣ እኔም መልስ የለኝም።

ሊፍቱን ሁሉም ወዶታል። ሉሲ የሌለ ቀጠሮ አለኝ ብላ ዋሽታለች፣ ሰውዬው ቅናት ይዞታል፣ ሊፍት ውስጥ ሁለት ብቻቸውን ናቸው፣ ማቆሚያውን ተጭኖ ሊፍቱን ቀጥ ያደርገዋል። ከዚያ መሳሳም ነው። አንዷ ባንክ የምትሠራ ጓደኛችን የእነሱ ሕንፃ ሊፍት ከቆመ አምስት ወር እንደሆነው፣ ይሄ ዓይነት ፍቅር ለእነሱ እንዳልተጻፈ ነገረችን። ደረጃ ላይ ማን ይሳሳማል፣ ትንፋሽ ከየት መጥቶ።

እኔ ግን ከሊፍቱ በላይ የምወደው የበሽታውን ሌሊት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን የቀለም ጥይት ተኩስ ጨዋታ ያስወጣል፣ ሉሲ እዚያ ትኩሳት ይጥላታል። ጆሹዋ ቤቷ ድረስ ወስዶ ሌሊቱን ሙሉ ያስታምማታል። ስታስመልስ አጠገቧ ነው። ዶክተር ወንድሙን ጠርቶ ያስመረምራታል። በዚያ ሌሊት አንድም የሚያምር ነገር የለም፣ ላብና ትውከት ነው። ሰውየው ግን አልሄደም። በደህና ቀን የተለዋወጡት ስድብ ሁሉ እዚህ ጋ ትርጉሙ ይቀየራል፣ ቢያንስ ለእኔ ተቀየረ።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ፣ ምክንያቱም ጓደኞቼ በዚህ መጽሐፍ ምክንያት እውነተኛ ጠብ ተጣልተዋል።

ቀላል ቅሬታዎቹን ቶሎ ልጨርሳቸው። ቁመት ይበዛል። እሷ አጭር እሱ ረጅም መሆኑን ገብቶናል፣ በየሁለት ገጹ ማስታወስ አያስፈልግም። ወፍራሙ አለቃ ላይ የሚወረወሩት የሰውነት ቀልዶች አያስቁም፣ ሉሲን ደግ ናት ብላችሁ ከነገራችሁን በኋላ እንዲህ ስትናገር ደስ አይልም። ጆሹዋ የዲዛይን ክፍሉ ልጅ ላይ የሚያሳየው ቅናትም አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። እነዚህ ላይ ሁላችንም ተስማማን።

ትልቁ ጠብ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ነው። ጆሹዋ ሉሲ በየቀኑ የለበሰችውን በአንዲት ፊደል በእርሳስ ይመዘግባል። ሉሲ ምልክቶቹን ስታይ ሊከሳት ማስረጃ እየሰበሰበ መስሏት ነበር። በኋላ ደግሞ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ቀለም የእሷ ዓይን ቀለም መሆኑን እናውቃለን። ማለትም ሰውዬው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይወዳት ነበር። ጠልቷት አያውቅም።

ጠበቃዋ ጓደኛችን እዚህ ስትደርስ መጽሐፉን ዘጋች። «ይሄ ፍቅር አይደለም፣ ክትትል ነው» አለች። አንድ ሰው ቢሮ ተቀምጦ የምትለብሺውን በየቀኑ ቢመዘግብና ቀለምሽን ግድግዳው ላይ ቢቀባው፣ መልከ መልካም ባይሆን ፖሊስ ትጠሪ ነበር ወይስ አትጠሪም? አለችን። ባንክ የምትሠራዋ፣ ባንኳ እንበላት፣ እንደ መድፍ ተነሣችባት። ሉሲስ ሸሚዙን በቃሏ አልያዘችም? እሷስ አልመዘገበችም? ልዩነቱ እሱ ወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ ነው። ጠበቃዋ «ወረቀት ላይ መጻፍ ትልቅ ልዩነት ነው» አለች። እንጀራዋ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

ሁለቱም የተናገሩት አልለቀቀኝም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ስለ ራሴ ማውራት አለብኝ።

እኔም ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ነበረኝ። የዛሬ ስንት ዓመት፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት። ሦስት ዓመት ተፋጠን ተቀመጥን። ስብሰባ ላይ አፌን ስከፍት ይተነፍሳል። አንድ ነገር ስል «እመቤቲቱ እንዳሉት» ብሎ ይጀምርና ያጣጥለዋል። እኔም አልተኛሁለትም፣ ምላሴ አጭር አይደለም። ቢሮው ሁሉ በእኛ ይዝናና ነበር። «እናንተማ መጨረሻችሁ ይታወቃል» ይሉ ነበር፣ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጠዋት ጠዋት ስለባብስ ትንሽ አስብበት ነበር። ትንሽ።

ከዚያ የሥራ መደብ ወጣ። አዎ፣ ልክ እንደ መጽሐፉ። ሁለታችንም ተወዳደርን። እሱ አገኘው፣ ያቀረበው ዕቅድ ግማሹ የእኔ ነበር። ይሄ እንኳ ያን ያህል አላመመኝም። ያመመኝ ሌላ ነው። ሹመቱን ሲያገኝ ለሁላችንም የምስጋና ደብዳቤ ጻፈ፣ የእኔን ስም ተሳስቶ ጻፈው። ሦስት ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጦ። ጠረጴዛዬ ላይ ስሜ ተለጥፎ።

ስለዚህ የጆሹዋ ደብተር ጋ ስደርስ እኔ ጠበቃዋ ያየችውን አላየሁም። ያየሁት የሚያይ ሰው ነው። ሁለት ሰዎች ሲነታረኩ ከሩቅ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንዱ የሚነታረክሽ አንቺን እያየ ነው፣ አንዱ ደግሞ አንቺ ባትኖሪም ወንበሩን ይነታረክ ነበር። ሉሲ ሸሚዝ የምትቆጥረው፣ እሱ ፊደል የሚጽፈው፣ ሁለቱም የሌላውን ስም እንደማይሳሳቱ እርግጠኛ እንድሆን አደረገኝ። መጽሐፉን በዚህ ምክንያት ወደድኩት። ጠበቃዋ «ስምሽን የሚሳሳት ሰው ስላቆሰለሽ ልብስሽን የሚመዘግበውን ጥሩ ነው ማለት አይደለም» አለችኝ። እሷም እውነት አላት። ግን መውደድ በክርክር የሚሻር ነገር አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ፈትቼ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞከርኩ። ለራሴ ነው፣ ለማተም አይደለም። ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። እንግሊዝኛ የሚጠሉትንም፣ የሚወዱትንም፣ አለቃንም፣ ድመትንም የሚጠራው በአንድ ቃል ነው፣ «ዩ»። እኔ ግን መምረጥ አለብኝ። ሉሲ ጆሹዋን ምን ትበለው?

«አንተ» ካለችው አለቀ፣ ገና ገጽ አንድ ላይ ተቀራርበዋል። እኩያዎች ናቸው፣ እኩል መደብ ላይ ናቸው፣ የእኛ ቢሮ ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት አንተና አንቺ ይሆኑ ነበር። ግን «አንተ» ውስጥ ያለው ጠብ የሰፈር ጠብ ነው፣ ይጮሁበታል፣ ይስቁበታል፣ አብረው ምሳ ይበሉበታል። የእነዚህ ሰዎች ጠብ ብርድ አለው። «እርስዎ» ነው የሚያስፈልገው።

ሰውን በ«እርስዎ» እንደመጣላት ያለ ነገር የለም። ያደግሁት እዚያ ውስጥ ነው። እናቴ ከአባቴ ጋ ስትኳረፍ አባቴ በአንድ ሌሊት «እሳቸው» ይሆናል። «እሳቸው ራት ይበሉ እንደሆነ ጠይቂልኝ» ትለኛለች፣ አባቴ ክንዷ አጠገብ ተቀምጦ። እሱም «በልቻለሁ በያት» ይላል፣ ሳይበላ። ያ ሰውዬም ቢሮ ውስጥ «እመቤቲቱ እንዳሉት» የሚለኝም ይቺኑ ነው የተጠቀመባት፣ አክብሮት ለብሳ የምትመጣ ጥፊ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ሉሲና ጆሹዋ በአማርኛ «እርስዎ» ይባባላሉ። ዓይን ለዓይን እየተፋጠጡ፣ «አቶ ቴምፕልማን፣ ዛሬ ሸሚዝዎ ነጭ ነው፣ ወሩ ሊጀምር ነው እንዴ?» ትለዋለች። ጥሩ ነበር። ግን አዲስ ችግር መጣ። «አንቺ» የሚላት መቼ ነው?

ይሄን ጥያቄ ለጓደኞቼ ጣልኩላቸውና ከደብተሩ የበለጠ ጠብ አስነሣሁ። ባንኳ ሊፍት ውስጥ ነው አለች፣ ከንፈር የሳመን ሰው «እርስዎ» አይባልም፣ ነውር ነው። እህቴ ከዋሽንግተን በስልክ፣ አይሆንም፣ ከተሳሳሙ በኋላ ማግስቱን ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ሁለቱም «እርስዎ» ላይ የሚሸሸጉ ናቸው፣ የሚቀየረው በበሽታው ሌሊት ነው አለች። ትኩሳት የያዘውን ሰው «ውኃ ይጠጡ» ማለት ያስተዛዝባል፣ «ጠጪ በቃ» ነው የሚባለው። ጠበቃዋ ሳትቀር ገባችበት። እሱ ከመጀመሪያው ቀን ይወዳት ከነበረ በልቡ ሁሌም «አንቺ» ነው የሚላት፣ ስለዚህ «እርስዎ» ያለው አፉ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንባቢውንም ልጅቷንም እያታለለ ነው፣ ብላ ወደ ክሷ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ግን ከጠበቃዋ ጋ ነኝ። መጽሐፉ ውስጥ የሚያንሰኝ ይሄ ነው። ሰውዬው እንዲጠላት እፈልግ ነበር። ትንሽ ወር እንኳ፣ ከልቡ። ሁለት ሰዎች እውነት ተጠላልተው ከዚያ መውረድ ከባድ ነው፣ የሚያጓጓውም እሱ ነው። ጄን ኦስተን በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» ውስጥ ዳርሲ ኤልሳቤጥን መጀመሪያ ሲያያት እውነትም ንቋታል፣ እሷም ሰምታዋለች፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ያቺን ንቀት መክፈል አለበት። ጆሹዋ የሚከፍለው ዕዳ የለውም። ጨዋታው የአንድ ሰው ነበር፣ የጠላችው እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ብዙ አልጠላችም። ባንኳ «ታዲያ ለምን ስድብ ተቀበለ?» ስትለኝ «ስለሚወዳት» አልኩ፣ «ታዲያ ለምን ተሳደበ?» ስትለኝ ዝም አልኩ።

ሥራውም እንዲሁ። ሙሉ መጽሐፍ ማን ያሸንፋል ብለን ጠብቀን፣ መጨረሻ ላይ ጆሹዋ ሌላ አሳታሚ ቤት ሥራ አግኝቶ ይሄዳል። በፎርፌ! የውድድሩን ቀን ማየት የምፈልገው እኔ ብቻ አይደለሁም። ሉሲ እሱን ተጋጥማ ብታሸንፈውና እሱ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት «እንደምን አደሩ አለቃዬ» ሲላት ማየት እፈልግ ነበር። ያኔ «እርስዎ»ው ለሦስተኛ ጊዜ ትርጉሙን ይቀይር ነበር።

ስለ ቅጽል ስሙም ልንገራችሁ። ጆሹዋ ሉሲን «ሾርትኬክ» ይላታል። እሷ አጭር ናት፣ ወላጆቿ እንጆሪ አምራቾች ናቸው፣ ሾርትኬክ ደግሞ በእንጆሪ የሚሠራ ኬክ ነው። በአማርኛ ምን ይባላል? «ድንክ» ስድብ ነው። «እንጆሪ» ብቻ ካልን አጭሯ ትጠፋለች። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ሚጢጢ» ላይ ደረስኩ። መጀመሪያ ላይ ደረቅ «ሚጢጢ»፣ ቁመት ማንቋሸሽ ብቻ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሳያስበው፣ መጨረሻዋ ላይ «ዬ» ትጨመራለች። ሚጢጢዬ። ከአንዲት ፊደል በላይ አልጨመርኩም፣ ግን ልጅቷ የእሱ ሆነች። ባለ «ዬ»ዋን የት ጋ እንደማስቀምጣት እስካሁን አልወሰንኩም፣ ትርጉሙም እዚያው ቆሟል።

እኛ ያደግንበት የፍቅር ልብ ወለድ እንዲህ አይደለም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የሚነታረኩበት ጊዜ የላቸውም። ስለቱ አለ፣ ዘሩ አለ፣ ፊታውራሪ መሸሻ አሉ። ግድግዳው ውጭ ነው፣ ፍቅረኞቹ ከግድግዳው በዚህና በዚያ ይናፈቃሉ። ሉሲና ጆሹዋ ፊት ምንም ግድግዳ የለም፣ አጥሩን ጠዋት ጠዋት ራሳቸው እያጠሩ ማታ ይዘሉታል። ታላቅ እህቴ «ችግር ያጡ» አለቻቸው። ሊሆን ይችላል። ግን ፊታውራሪው ከሞቱም በኋላ ሰው ሰውን የሚፈራ ይመስለኛል።

እናቴ ስለ መጽሐፉ የሰማችው ቡና ስታፈላ ነው። እኔና ጠበቃዋ ሳሎን ስንከራከር ሰማችንና ታሪኩን ንገሩኝ አለች። ሊፍቱን ዘለልኩት። ቤተሰቡ ጋ ስደርስ ጆሮዋ ቆመ። ጆሹዋ የዶክተሮች ልጅ ነው፣ አባቱ የሕክምናውን መንገድ ባለመከተሉ ይንቁታል፣ በወንድሙ ሠርግ ጊዜ ሉሲ አባትየውን ፊት ለፊት ትናገራቸዋለች። ይሄ ብዙ አንባቢ የሚያጨበጭብበት ቦታ ነው፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። እናቴ ስኒውን አስቀመጠች።

«ሕክምናውን ትቶ ሰው በር ላይ ረዳት ሆነ?»

«አዎ እማ።»

«አባትየው ምን አጠፉ ታዲያ?» ትንሽ ዝም ብላ፣ «እሷስ ገና ሳትገባ ለአማቷ መልስ ትሰጣለች?»

ጠበቃዋ ከመጽሐፉ ጋ ቆማ የተከራከረችው ያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ ብዙም አልሰማቻትም። የደነቃት ሌላ ነገር ነው፣ ሸሚዞቹ። በየቀኑ ሌላ ቀለም፣ አንድም ቀን ሳይሳሳት።

«ማን ነው የሚተኩስለት?» አለችኝ።

«ብቻውን ነው የሚኖር፣ ራሱ ነው መቼም።»

አቦሉን ቀዳች። «እንግዲያው ጥሩ ልጅ ነው» አለች፣ ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ወደ ሶፋው ሳታይ።

እሳቸው ጋዜጣቸውን ገለጡ።